የሁለት ቤት ኮምፔርሳቶ

ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ጎረምሳ ምን ይዞ ይመጣል? ድሮ ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም ነበር። አሁን አሁን ራሱ መምጣት ጀምሯል፤ ኬክ ይዞ። ይሁን። የእኔን ልጅ ሊጠይቅ የመጣው ግን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ከፍቶም የሁለት አገር ኮምፔርሳቶ አሳየኝ።

እየቀለድኩ አይደለም። አገሩ እንጅባራ ነው፤ ጊዜው መንገዳችን ኮብልስቶን ለብሶ ባጃጆቹ እንደ ልባቸው መሮጥ የጀመሩበት ሰሞን። ልጁ ሙሉቀን ይባላል። ትውልዱ ዳንግላ፣ ሥራው እንጅባራ። ቀጭን ነው፤ ትሁት ነው፤ ሲያናግሩት መሬት መሬት ያያል። እኔን ደግሞ ትሁት ሰው ያስጠረጥረኛል። መሬት ላይ ምን ጠፍቶት ነው? ከልጄ ከፀዳለ ጋር "እንተዋወቃለን" አለኝ። ምን ያህል እንደሚተዋወቁ አልጠየቅሁም፤ አንዳንድ ነገር ሳይጠየቅ ቢያልፍ ይሻላል። ከሥራው ጎን ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው ሲለኝ ግን፣ እስቲ አሳየኝ አልኩት። ተማርኩ ያለ ሁሉ ተምሯል እንዴ?

ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ተጠራጣሪ ነኝ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ጠፋ የተባለው ፋይል እንዳልጠፋ፣ አለ የተባለው ፋይል ደግሞ እንደሌለ ያውቃል። ሌላው ሰው ይህን ሳያውቅ በሰላም ይኖራል። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" የሚለውን ያወጣው ሰው መቼም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆን አለበት።

ቢሮዬ ደግሞ ከጎረቤት ቢሮ የተከፈለው በኮምፔርሳቶ ነበር። ኮምፔርሳቶ መቼም ታውቃላችሁ። ዛፉን እንደ ወረቀት እየላጡ፣ ገጹን በሙጫ እየደራረቡ የሚያጣብቁት ሳንቃ ነው። ከፊት ሲያዩት እንጨት ነው፤ ከጎኑ ሲያዩት ደብተር ነው። ወዲያ ማዶ የሚያስነጥሰውን ሰው ወዲህ ሆነህ "ይማርህ" ትለዋለህ። አንድ ሰሞን ታዲያ አለቃዬ ከወዲያ በኩል፣ "እሱማ አርጅቷል፤ ሁለት መስመር ይጽፍና ይተኛል፤ ቢወጣ ይሻላል" ሲል ሰማሁ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ጠረጴዛዬን አጸዳሁ፤ ጃንጥላዬን ወደ ቤት ወሰድኩ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለት ሰዎች መጡና ፕሪንተሩን ተሸክመው ወጡ። እፎይ አልክ ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ፣ አለቃዬ ያን ቀን ስለ ፕሪንተሩ ካወራ ስለ እኔ የሚያወራው መቼ ነው የሚለው ነው።

ወደ ሙሉቀን ልመለስ። የመመረቂያ ጽሑፉ የእኛንና የኬንያን የኮምፔርሳቶ ገቢ ንግድ ዓመት ከዓመት የሚያነጻጽር ነው አለኝ። ስክሪኑ ላይ ከታች ዓመተ ምሕረት ተደርድሯል። ከላይ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። አንዱ ዳገት እንደያዘች በቅሎ ቀስ እያለ ይወጣል። ሌላው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ያስብበትና ይወጣል።

የእኛ የትኛው ነው አልኩት። የሚወጣው ነው አለኝ። መውጣቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ አልኩት።

"ይወሰናል" አለኝ።

በምን ይወሰናል? አገር እየገነባ ከሆነ ጥሩ ነው አለኝ። ራሱ ማምረት እየቻለ ከውጭ የሚያመጣ ከሆነ ግን መጥፎ ነው። ታዲያ እኛ የትኛው ነን? እሱን ገና እያጠናሁት ነው አለኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሽቅብ የሚወጣ መስመር አፍንጫው ሥር ተቀምጦ ጥሩ ይሁን መጥፎ ያልለየለት ሰው ልጄን ሊያገባ ነው። ነገ ልጄ "ትወደኛለህ ወይ?" ስትለው "ይወሰናል" ቢላትስ?

ደግሞስ ኬንያ ስንት ኮምፔርሳቶ እንዳስገባች ለሙሉቀን ማን ነገረው? ጎረቤት ገበናውን እንዲህ በቀላሉ ይናገራል? እኛስ ስንት አስገባን ብለን ለማን ተናገርን? ይህን ሁሉ ስጠይቀው ኢንተርኔት ላይ አለ አለኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ልጁን ተወው፣ የመጣው ለፈተና አይደለም አለችኝ። ተውኩት፤ በልቤ ግን አልተውኩትም።

አንድ ነገር ግን ልክ ነው። ከበራችን ወጥታችሁ አስፋልቱ ዳር ብትቆሙ ቀኑን ሙሉ የሚያልፈው እንጨት ነው። አጣና የጫነ አይሱዙ ይሄዳል። ከሰል የጫነ አይሱዙ ይሄዳል። ቀርከሃውም ይሄዳል። የሚመጣው ኮምፔርሳቶ ነው። የእኛው ዛፍ ሄዶ፣ ተልጦ፣ ስም ቀይሮ የሚመለስ ይመስለኛል። ማስረጃ የለኝም። ማስረጃ ቢኖረኝማ ጥርጣሬ አይባልም ነበር።

የሆነ ሆኖ ፀዳለ ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ፤ ነገሩም ወደ ደንቡ ገባ። በእኛ በጎጃም ደንብ ሁለቱም ወገን እኩል ነው የሚያወጣው። የወንዱ አባት በሬ ካለ፣ የሴቷም አባት በሬ ይላል። ላም በላም፣ ጊደር በጊደር። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በወሬ አያምኑም፤ የበሬውን አፍ ፈልቅቀው ጥርሱን ያያሉ። አባቴ እንዲህ ጥርስ በማየት የታወቀ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ለእህቴ ጋብቻ የመጣውን በሬ ጥርሱን እያንዳንዱን በጣቱ እየዳሰሰ መርምሮ፣ "እንከን የለውም" ብሎ ተረከበ። ቤት ሲደርስ በሬው ቀጥ ብሎ ሄዶ ከግንድ ጋር ተላተመ። ለካ አንድ ዓይኑ አያይም። ጥርሱን ሲያይ ዓይኑን ማን ይየው? አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ በሬ ሲነሳ ወሬ ይቀይር ነበር።

እኛ የከተማ ሰዎች በሬ ከየት እናምጣ? ሽማግሌዎቹ በሬውን በቤት ዕቃ ለወጡት። አልጋው ከልጁ አባት፣ ቁም ሳጥኑ ከእኔ። ሁለቱም ወጥ ዋንዛ። የልጁ አባት አቶ አዳሙ ይባላሉ፤ ዳንግላ እህል የሚነግዱ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። የሽማግሌዎቹ አውራ ደግሞ አያ ካሳ ናቸው፤ የልጁ እናት አጎት። ከዳንግላ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የመጡ አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ አማርኛውንም የአገዎቹን ቋንቋ አውንጊንም እንደ ውኃ ይናገራሉ። እኚህ አያ ካሳ፣ "በሬ ጥርሱ ይታያል፤ ሳጥን ደግሞ ይንኳኳል። ኮምፔርሳቶ የቀላቀለ ወገን ቃሉን አፍርሷልና ጋብቻውም ፈርሷል" አሉ። ሁለታችንንም አስማሉን። ፀዳለ ይህን ስትሰማ ፊቷ ልውጥ አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ነው የምወደው።

ዋንዛ ነበረኝ። ስድስት ጣውላ። ከአባቴ ጓሮ ነፋስ የጣለውን ዋንዛ አሰንጥቄ ለዓመታት ጣሪያ ሥር ያደረቅሁት። ለምን አስቀመጥከው በሉኝ። ለሬሳ ሳጥኔ። አትሳቁ። የጎረቤቶቼን ቀብር እየሄድኩ አይቻለሁ፤ ከላይ ጨርቅ አልብሰውት፣ መስቀል ለጥፈውበት፣ ጫፉ ላይ ገለጥ ሲል ኮምፔርሳቶ ነው። ዕድሜዬን በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ሥር ጨርሼ በኮምፔርሳቶ ልቀበር? ባለቤቴ፣ ሳትሞት ምን ያስቸኩልሃል ትለኛለች። ከሞትኩ በኋላማ ማን ያንኳኳልኛል? ግን ልጄ ናት። ሌላ ልጅ የለኝም። ጣውላውን ለቁም ሳጥኗ ልሰጥ ወሰንኩ፤ ለጊዜው ባልሞት ይሻላል ብዬ።

አሁን የጥፋቴን መጀመሪያ ልንገራችሁ። አንድ የገበያ ቀን ዳንግላ ሄድኩ። ምን ልታደርግ ብትሉኝ፣ ገበያ ልገበይ እላለሁ። እውነቱ ግን የአቶ አዳሙን ቤት ከሩቅ አየት ላደርግ ነው። ዳንግላ ጋሪ ብዙ ነው፤ ሰውም ዕቃም የሚሄደው በፈረስ ጋሪ ነው። እናም አንድ ጋሪ ከፊቴ ያዘግማል። ምን ጭኗል? ኮምፔርሳቶ። ተከተልኩት። ታጠፈ፤ ታጠፍኩ። እንደገና ታጠፈ፤ እኔም ታጠፍኩ። አቶ አዳሙ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። በሩ ተከፈተና ገባ።

ጫማዬን የማስር መስዬ አጎንብሼ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ፍሬ። ባለ ጋሪው ሲወጣ ጠብቄ፣ ወንድሜ ይህ ሁሉ ለምንድን ነው አልኩት። እኔ ምን አውቄ፣ ይህ ሁለተኛው ዙር ነው አለኝ። ሁለተኛው ዙር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ወጥ ዋንዛ ብሎ የማለ ሰው ሃያ አራት ኮምፔርሳቶ ምን ይሠራለታል? አልጋ ነው ወይስ መርከብ?

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሄድኩ። ደግሞ ጋሪ፣ ደግሞ ኮምፔርሳቶ። ቤቴ ስመለስ አሮጌ የፋይል ሽፋን አወጣሁና እንደ ሙሉቀን ሁለት መስመር አሰመርኩ። አንዱ የአቶ አዳሙ ቤት፤ አንዱ የእኔ ቤት። የእሳቸው ሳምንት ከሳምንት ይወጣል። የእኔ መሬት ላይ ተኝቷል። ያን ጊዜ የሙሉቀን ጥናት ገባኝ። ይወሰናል የሚባል ነገር የለውም፤ የጎረቤትህ መስመር ሲወጣ ያንተ የተኛ እንደሆነ አንተ ሞኝ ነህ። ሰውዬው ልጄን በኮምፔርሳቶ አልጋ ሊያስተኛት እኔ የሬሳ ሳጥኔን ልስጥ?

አናጺውን ፋንታሁንን አስጠራሁት። ሳሎን ቁጭ አድርጌ ዳንግላ ያየሁትንም የምፈልገውንም በሹክሹክታ ነገርኩት። ጠርዝ ጠርዙን ከቁርጥራጭ ዋንዛ፣ ሆዱንና በሩን ከኮምፔርሳቶ። ቀለም ይግባበት፤ ቫርኒሽ ይደገምበት። ፋንታሁን ራሱን አከከና፣ ጋሼ፣ የሚያውቅ ሰው ካንኳኳው ይናገራል አለኝ። እንዳይናገር አድርገህ ሥራው አልኩት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት፤ የማለው ሰው። የዚያን ጊዜ ግን ኃጢአት አልመሰለኝም። እኩል ማውጣት አይደል ደንቡ? እሳቸው ኮምፔርሳቶ ካወጡ እኔም ኮምፔርሳቶ ማውጣቴ ደንብ ማክበር ነው። ሰው ራሱን ለማታለል ብዙም ምክንያት አይፈልግም።

ቁም ሳጥኑ ሲያልቅ ያምር ነበር። ችግሩ ክብደቱ ነው። ወጥ ዋንዛ ቁም ሳጥን አራት ጎልማሳ ወገቡን ይዞ እያማረረ ነው የሚያነሳው። ይህን ፋንታሁን ብቻውን አነሳው። ምን ይሻላል ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና ድንች ትዝ አለኝ። አገራችን የድንች አገር ነው። ሦስት ጆንያ ድንች ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደረደርኩ። ለሙሽሮቹ ስንቅ ነው ብል ማን ይከሰኛል? ያንኳኳው እንደሆነም ድንቹ ድምፁን ይውጠዋል። በጭንቀቴ መሐል በራሴ ብልጠት ትንሽ እንደተደሰትኩ አልደብቃችሁም።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ቁም ሳጥኑን በአይሱዙ ጭነን ዳንግላ ገባን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ፀዳለ። አራት ሰው እያማረረ አወረደው። ደስ አለኝ። አቶ አዳሙ በር ላይ ቆመው፣ "ይግቡ ዘመዴ፣ ቤቱ የልጅዎ ነው" አሉኝ። ለሙሽሮቹ ያሠሩትን ክፍል ከፈቱልኝ። አልጋው ተዘርግቷል። እኔ ሆዬ የወደቀ ነገር የማነሳ መስዬ ከሥሩ ገባሁ። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። ዋንዛ። እግሩን ሞከርኩ፤ ዋንዛ። ራስጌውን ሞከርኩ፤ እሱም ዋንዛ። ከጎኑ አየሁት፤ ገጽ የለው፣ ሙጫ የለው። ወጥ።

ታዲያ ያ ሁሉ ኮምፔርሳቶ የት ገባ? ዓይኔ ሲንከራተት አቶ አዳሙ አዩኝ መሰለኝ፣ "ሽቅብ ይዩት እንጂ" አሉኝ። ቀና አልኩ። ኮርኒስ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከሙሽሮቹ ክፍል እስከ በረንዳው፣ አንድ እንኳ ክፍተት ሳይተው የተመታ የኮምፔርሳቶ ኮርኒስ። "ልጅዎ የደጋ ልጅ ናት" አሉኝ። "የእኛ ቆርቆሮ ቀን ቀን ያቃጥላል። ክረምት ደግሞ ዝናቡ ሲወርድበት ሰው ከሰው አያነጋግርም። ሰው ቤት መጥታ ከምትሳቀቅ ብዬ ነው።"

ምን ልበላችሁ። አፈርኩ። ሰው ሳያየው ብቻውን የሚያፍረው ሀፍረት ነው የከፋው። ሰውዬው ለልጄ ጣሪያ ሲያለብሱ እኔ ጫማ የማስር መስዬ እየቆጠርኩባቸው ነበር። ባለቤቴን ይዤ፣ ቁም ሳጥኑን መልሼ ጭኜ እብስ ልል አማረኝ። እንዴት ተብሎ? አያ ካሳ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

አያ ካሳ ቁም ሳጥኑን ዞሩት። ከፈቱት። ድንቹን አዩ፤ እኔንም አዩኝ። "ስንቅ ነው" አልኩ። "ይውረድ" አሉ። ጆንያው አንድ ባንድ ወረደ። ልጄን አየኋት። ሠርጓ በሳምንቱ ነው፤ የተጠራው ሰው ተጠርቷል፤ ጋብቻው የሚፈርሰው በእኔ እጅ ነው። እግዚአብሔር ሆይ፣ የበሬ ዘመን ቢሆን ምን ነበረበት አልኩ በልቤ።

ይኼኔ ፀዳለ ወደ አያ ካሳ ሄደችና ጉልበታቸውን ሳመች። በአውንጊም አናገረቻቸው። አውንጊ ከጎረቤት ልጆችና ከትምህርት ቤት የተማረችው ነው። እኔ ስንት ዓመት እንጅባራ ኖሬ ከሰላምታ አላለፍኩም። ሽማግሌው አንድ ነገር መለሱላት። እሷ ደግሞ ረዘም አድርጋ ተናገረች። የአገው ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ሁሉንም ይጠይቃል ብዬ አለፍኩት። ቀልቤም እሱ ላይ አልነበረም።

ከዚያ አያ ካሳ በከዘራቸው እጀታ አንኳኩ። ድምፁ እንደ ባዶ እንስራ ነው። እኔ ሰማሁት። አቶ አዳሙም ሰሙት። ደጅ የቆመ የጋሪ ፈረስ እንኳ ዞር ያለ መሰለኝ። አያ ካሳ ጆሯቸውን አስጠግተው ደገሙት። ቀና አሉ። "ወጥ ዋንዛ ነው። ቃሉ ሞልቷል። እግዜር ይባርከው" አሉ። ባለቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ተገላገልክ ትሉኛላችሁ አይደል? ጭራሽ። ያን ቀን ከነበረኝ ጥርጣሬ ሁሉ የባሰው ያኔ ጀመረ። ሽማግሌው ደንቆሮ ናቸው? አይደሉም፤ ሲጠሯቸው ከሩቅ ይሰማሉ። ዋንዛ አያውቁም? ዋንዛ ሥር የተወለዱ ሰው ናቸው። ጉቦ በልተዋል? እኔ አልሰጠሁም። ያለ ምንም ነገር ለእኔ ብሎ የሚዋሽ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ሠርጉን በላሁት፣ ጠጣሁት፣ ጨፈርኩት፤ ጥያቄው ግን እንደ ስንጥር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ክረምቱ አለፈ። ፀዳለን ልጠይቅ አንድ እሁድ ዳንግላ ሄድኩ። ቁም ሳጥኑ አጠገብ ወንበር ሰጡኝ። ዓይኔ ወረድ ሲል ምን ባይ ጥሩ ነው? የክረምቱ እርጥበት በሩ ሥር ገብቶ ማዕዘኑ ተልጧል። ገጽ በገጽ፣ እንደ ሽንኩርት። እግሬን ዘርግቼ ጫማዬን ደቀንኩበት። ውኃ ይዘው እጅ ሊያስታጥቡኝ መጡ፤ ካለሁበት ሳልነቃነቅ ታጠብኩ። ምሳው ወደዚያ ቀርቧል ቢሉኝ እዚሁ ይሁንልኝ አልኩ። አቶ አዳሙ ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለ። እኔ አንድ እግሬን ተክዬ በአንዱ ብቻ ግማሽ ተነሳሁ።

"እግርዎን አመመዎት እንዴ?" አሉኝ።

አይ ልላቸው ነበር። ግን ያን ኮርኒስ ሽቅብ አየሁትና ደከመኝ። መሸፈን ይደክማል። ሁሉም እስኪወጣ ጠብቄ እግሬን አነሳሁ። ይኸው አልኳቸው። ጋሪውን እንደተከተልኩ፣ እንደቆጠርኩ፣ ድንቹን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጣሪያዬ ሥር ስድስት ጣውላ ወጥ ዋንዛ አለ፤ ለሬሳ ሳጥኔ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ነገውኑ ልኬ ቁም ሳጥኑን አስለውጣለሁ አልኳቸው።

አቶ አዳሙ አልደነገጡም። "ሙሽራ በእርስዎ ሬሳ ሳጥን ልብሷን አትሰቅልም፤ ይተዉት ዘመዴ" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "እናውቀው ነበር" አሉኝ።

ማን ነገራችሁ? ፀዳለ። ሠርጉ ወር ሲቀረው ብቻዋን በሚኒባስ መጥታ፣ አባቴ እዚህ ቤት ኮምፔርሳቶ ሲገባ አይቶ ተጠራጥሯችኋል፤ ቁም ሳጥኑን በኮምፔርሳቶ እያሠራ ነው፤ እባካችሁ ዝም በሉት ብላቸዋለች። አቶ አዳሙ እሺ አሉ። አያ ካሳ ግን እኔ ያስማልኩትን መሐላ አላፈርስም ብለው አሻፈረኝ አሉ፤ ቁም ሳጥኑን እስካንኳኩበት ቀን ድረስ። እኔ የአገው ሰላምታ ነው ብዬ ያለፍኩት ልመና ነበር። ምን አለቻቸው አልኩ። "አባቴ ሰው ማመን ነው ያቃተው እንጂ ስስታም አይደለም። ዛሬ ካፈረ ግን ዳግም ደጄን አይረግጥም። እኔ ባል አግኝቼ አባት ልጣ? ነው ያለቻቸው" አሉኝ። አያ ካሳም ጥርሱን ሳያዩ በሬ ያሳለፉት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አሁንም ሲነሳባቸው ይቆጫሉ አሉኝ።

ፀዳለን ጓዳ ገብቼ አገኘኋት። እንዴት አወቅሽ አልኳት። "ሳሎናችን ከእኔ ክፍል የተከፈለው በምን ሆነና ነው አባዬ?" አለችኝ። ለካ ለፋንታሁን ያንሾካሾክሁት በሙሉ በኮምፔርሳቶው አልፎ ማዶ ተሰምቷል። አንድ ጥያቄ ግን ነበረኝ። ይህን ሁሉ ስታውቂ፣ ለሰው ሁሉ ስትነግሪ፣ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?

ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

"እኔንም ይጠረጥሩኝ ነበራ።"

እውነቷን ነው። አለቃዬን ጠርጥሬያለሁ፤ ሙሉቀንን ጠርጥሬያለሁ፤ ኬንያን ሳይቀር ጠርጥሬያለሁ። የእናቷን እንኳ ተዉኝ። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ቀን ክፉ ያላሰብኩባት ሰው ፀዳለ ብቻ ነበረች፤ ያንን ታውቅ ኖሯል፤ ልታቆየውም ፈልጋ ነበር። ሳምኳት። በሚኒባሱ እስከ እንጅባራ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው የመጣሁት።

ከዚያ ወዲህ መጠርጠር ትቻለሁ። እውነቴን ነው። አቶ አዳሙን አልጠረጥርም። አያ ካሳን አልጠረጥርም። ሙሉቀንም ተመርቋል፤ ወረቀቱን አይቻለሁ፤ ማኅተሙ ደህና ነው።

ትናንት ፀዳለ ደወለች። ደህና ነዎት ወይ አባዬ አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። እናቷን ጠየቀች፤ ደህና ናት አልኳት። ብርዱን ጠየቀች፤ አልከፋም አልኳት። ሌላ ምንም ነገር አላነሳችም። በሉ ደህና ዋሉ ብላ ዘጋችው።

ምን ፈልጋ ነው?